ለባሕር ዳር መንገድና ለጭነት የሚሆን የኋላ ሞዞ፦ ርካሹ ወይስ ውዱ?

ጥያቄዎን እንደተረዳሁት ላስቀምጠው። ከዘንዘልማ ተነሥተው፣ ዓባይን ተሻግረው፣ ፔዳ አካባቢ ወዳለው የሥራ ቦታዎ በየቀኑ በሳይክል ይመላለሳሉ። ሳይክሉ ባለ 26 ኢንች ጎማ፣ ከኋላ ባለ 7 ማርሽ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከ40 እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን አትክልት በኋላ መጫኛው ላይ አስረው ወደ ገበያ ያመጣሉ። በአንድ ዓመት ውስጥ የኋላው ፔርኖ (በጎማው መካከል የሚያልፈው ዘንግ) ሁለት ጊዜ ተሰብሮብዎታል፤ አሁን ደግሞ ሞዞው (የጎማው እምብርት) ራሱ መንኳኳት ጀምሯል። የቀረቡልዎ አማራጮች ሦስት ናቸው፦ አሁን ያለዎትን የመሰለ ርካሽ ሞዞ፣ ዋጋው የዚያ ሦስት እጥፍ የሆነ መካከለኛ የሺማኖ (የጃፓን የሳይክል ዕቃ አምራች) ሞዞ ከነካሴት (የኋላ ማርሾች ስብስብ) ማስገቢያው፣ እንዲሁም አንድ ወዳጅዎ ከውጭ ያመጣው፣ ያገለገለ ቢሆንም በስሙ የታወቀ፣ የርካሹን ዘጠኝ እጥፍ የሚጠየቅበት ባለ ኩሽኔታ ሞዞ። «ውዱን አንዴ ገዝቼ ልገላገል ወይስ ርካሹን እየቀያየርኩ ልኑር?» ብለው ጠይቀዋል።

መካከለኛውን ይግዙ። ይህን የምለው በውድና በርካሽ መካከል መሸምገል ስለፈለግሁ አይደለም። የእርስዎን ፔርኖ የሚሰብረው በዋናነት የሞዞው አሠራር ነው፤ ያንን አሠራር ከሚለውጡት ከሁለቱ ሞዞዎች ደግሞ ዋጋው የሚቀለው እሱ ነው። ሦስተኛው ከዚያ በላይ የሚያስከፍልዎት ገንዘብ በአብዛኛው እርስዎ ለማይጠቀሙበት ነገር የሚውል ነው።

ሞዞ ራጆቹ (ቸርኬውን የሚይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) የሚሰካኩበት የጎማው እምብርት ነው። በመካከሉ ፔርኖው ያልፋል፤ በግራና በቀኝ ደግሞ ሞዞው በፔርኖው ላይ እንዲዞር የሚያደርጉት ኳሶች ወይም ኩሽኔታዎች ይቀመጣሉ። በርካሹ ሞዞ ላይ ፒኞኑ (ካቴናው የሚያርፍበት የኋላው ማርሽ) ለብቻው የተሠራ ዕቃ ሆኖ በሞዞው ቀኝ ጫፍ ላይ በጥርስ ይጠመዘዛል። ስለዚህ የቀኝ በኩል ኳሶች ከፒኞኑ ወደ ውስጥ ገብተው ለመቀመጥ ይገደዳሉ። ከእነሱ አንሥቶ ፔርኖው እስከሚታሰርበት የቴላዮ (የሳይክሉ አካል) አፍ ድረስ፣ ባለ 7 ፒኞን ሲሆን ወደ 4 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ የፔርኖ ርዝመት ያለ ምንም ድጋፍ ይቀራል። በግራ በኩል ግን ኳሶቹ ከቴላዮው አጠገብ ስለሆኑ እንዲህ ያለ ችግር የለም። ሙሉ ጀሪካን ከደረት አስጠግቶ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ ምን ያህል እንደሚለያዩ ያስቡት፤ የቀኙ የፔርኖ ጫፍ ሁልጊዜ ክንዱን እንደዘረጋ ነው። ጭነትዎ፣ የራስዎ ክብደትና የካቴናው ስበት ተደምረው በኮብልስቶኑ ላይ በየድንጋዩ ያጎብጡታል፤ ተመልሶም ይቃናል። ብረት ደግሞ በአንድ ትልቅ ጉድጓድ ባይሰበር እንኳ በሺህ ትናንሽ መጉበጦች ይደክማል። የተሰበሩትን ፔርኖዎች ካልጣሏቸው አውጥተው ይመልከቷቸው። ስብራቱ በፒኞኑ በኩል፣ ከሾጣጣው ዳዶ አጠገብ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በካሴት በሚሠራው ሞዞ ላይ ግን ወደ ፊት የሚይዘውና ወደ ኋላ የሚለቀው ክፍል ከሞዞው ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ነው። ሺማኖ ይህን አሠራር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 ይዞ ሲመጣ የቀኝ በኩል ኳሶች ወደ ውጭ፣ ወደ ቴላዮው አፍ ተጠጉ፤ ድጋፍ ያጣው ርዝመትም እጅግ አጠረ። ዛሬ ከዝቅተኛዎቹ የሺማኖ ካሴት ሞዞዎች ጀምሮ እስከ ውዶቹ ድረስ ይህ ጥቅም ይገኛል። ለዚህም ነው በርካሽ ባለ ጥርስ ሞዞና በመካከለኛው ካሴት ሞዞ መካከል ያለው ልዩነት በመካከለኛውና በውዱ መካከል ካለው እጅግ ይሰፋል የምለው። አባቶቻችን ይነዷቸው የነበሩት ያለ ማርሽ ከባድ ሳይክሎች ሰውና ማዳበሪያ ተጭኖባቸው ፔርኗቸው የማይሰበረው ለምንድን ነው ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። እነዚያ ሳይክሎች አንዲት ቀጭን ፒኞን ብቻ ስላላቸው የቀኙ ጫፍ አጭር ነው። ማርሽ በተጨመረ ቁጥር ፒኞኑ ይሰፋል፣ ፔርኖውም ይበልጥ ይጋለጣል።

የፔርኖው ውፍረትም የራሱ ድርሻ አለው። የብዙዎቹ ርካሽ የኋላ ሞዞዎች ፔርኖ 9.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን የካሴት ሞዞዎቹ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለዓይን ኢምንት ናት። ይሁን እንጂ የአንድ ድፍን ብረት ጉብጠትን የመቋቋም አቅም ውፍረቱ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ ከሚገኘው ቁጥር ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ያቺ ግማሽ ሚሊ ሜትር አንድ ስድስተኛ ያህል ጥንካሬ ትጨምራለች። የብረቱ ዓይነት ሲታከልበት ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በዓመት ሁለት ፔርኖ የሚበላ ሳይክል ቴላዮው ራሱ ጠማማ ሊሆን ይችላል። ፔርኖው የሚገባባቸው ሁለቱ አፎች ትይዩ ካልሆኑ፣ ዳዶው በተጠበቀ ቁጥር ፔርኖው ገና ሳይነዳ ጎብጦ ይታሰራል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ውድ ሞዞ አያድንም። ሙከራው ቀላል ነው፦ ጎማውን ያውጡና ሁለት አጫጭር ፔርኖዎችን ከግራና ከቀኝ በየአፋቸው ላይ ለየብቻ በዳዶ ይሰሩ። ጫፎቻቸው መሐል ላይ ፊት ለፊት በቀጥታ ካልተያዩ የቴላዮው አፍ መቃናት አለበት። ቴላዮው የብረት እንጂ የአሉሚኒየም ካልሆነ ልምድ ያለው ሠራተኛ በቀላሉ ያቃናዋል።

አሁን ውዱ ሞዞ የዘጠኝ እጥፍ ዋጋውን በምን እንደሚያስከብር እንመልከት። አንደኛው ነገር ፔዳል ሲረገጥ ቶሎ መያዙ ነው። በሞዞው ውስጥ ምላሶች ከጥርሶች ጋር እየተያያዙ ኃይልን ያስተላልፋሉ፤ 18 መያዣ ነጥብ ያለው ሞዞ እስኪይዝ ድረስ እስከ 20 ዲግሪ ሊዞር ይችላል፣ 72 ነጥብ ያለው የክሪስ ኪንግ (ውድ ሞዞ የሚሠራ ኩባንያ) ሞዞ ግን ቢበዛ 5 ዲግሪ ብቻ። የፊቱ ማርሽ የኋላውን ሁለት እጥፍ ጥርስ ሲኖረውና የፔዳሉ ክንድ 170 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህ በእግርዎ ላይ በ3 ሳንቲ ሜትርና በ7 ሚሊ ሜትር ባዶ እርግጫ መካከል ያለው ልዩነት ይሆናል። በተራራ ላይ፣ በሥርና በቋጥኝ መካከል፣ እግርን ግማሽ እያዞሩ ለሚወጣ ጋላቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እርስዎ ግን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተዘረጋ ሜዳ ከተማ፣ በዘንባባዎቹ ሥር እግርዎን ሳያቋርጡ እየረገጡ ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ የሚሰማዎት ትራፊክ መብራት ላይ ቆመው ሲነሡ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክብደት ነው። ውዱ የኋላ ሞዞ ከመካከለኛው ከ200 እስከ 300 ግራም ያህል ይቀልላል። ሞዞ በጎማው መካከል ስለሚቀመጥ፣ እንደ ቸርኬና እንደ ጎማ ሲነሡና ሲፈጥኑ የሚከብድ ሸክም አይደለም። ከ40 ኪሎ ቲማቲም አጠገብ ስለ 300 ግራም መነጋገር ያሳፍራል፤ ከአትክልቱ ሦስት ትልልቅ ቲማቲም ቢቀንሱ እኩል ይሆናል።

ሦስተኛው፣ ብዙ ሰው የሚታለልበት፣ «እንዴት እንደሚሽከረከር ይዩት!» የሚባለው ነው። ሻጩ ጎማውን ከፍ አድርጎ በእጁ ይመታውና ለረጅም ጊዜ ሲዞር ያሳይዎታል። እኔም በወጣትነቴ ይህን እያደረግሁ ሸጫለሁ፤ አሁን አፍርበታለሁ። ያለ ጭነት ለረጅም ጊዜ የሚሽከረከር ሞዞ አንዳንዴ ግራሶ ያነሰው ወይም ውኃ የሚከላከል ጎሚኒ የሌለው ሞዞ ነው። ጥሩ ጎሚኒ ያለው ሞዞ በእጅ ሲመታ ቶሎ ይቆማል፣ ሰው ሲቀመጥበት ግን የጎሚኒው ልጥፍታ ከምንም የማይቆጠር ነው። በደህና ሁኔታ ላይ ባሉ ሞዞዎች መካከል ያለው የመሽከርከር ልዩነት በእርግጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ ጎማዎን በቂ ነፋስ ሳይሞሉ መንዳት ከዚያ ይበልጥ ጉልበት ይበላል።

በዚህ አካባቢ የሞዞ እውነተኛ ጠላት ውኃና አሸዋ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ዝናብ ይታወቃል፤ ከዝናቡ የባሰው ግን እኛው ራሳችን ነን። ሳይክልን ወደ ጣና ዳር ወይም ወደ ዓባይ ወስዶ ጎማው እስከ እምብርቱ እስኪጠልቅ ድረስ ማጠብ የተለመደ ነው። በፀሐይ የጋለ ሞዞ ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር፣ ውኃውን በጎሚኒው ጠርዝ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ላቫጆ ቤት ወስዶ በግፊት ውኃ ማስመታት ደግሞ ከዚያም ይከፋል፤ ለመኪና የተሠራው ግፊት በሞዞው ጎሚኒ ሥር ገብቶ ግራሶውን ያጥባል። ሳይክልዎን በባልዲና በጨርቅ ይጠቡ፣ ሞዞው ላይ በቀጥታ ውኃ አይልቀቁ።

ውኃ መግባቱ አይቀርምና ዋናው ጥያቄ ከገባ በኋላ ሞዞው ተፈትቶ ሊታደስ ይችላል ወይ የሚለው ነው። መካከለኛው ሞዞ የሚሠራው በልቅ ኳሶችና ኮን በሚባለው ሾጣጣ ዳዶ ነው። ይህ አሠራር የርካሽ ዕቃ ምልክት ተደርጎ ይናቃል፣ ንቀቱ ግን ልክ አይደለም፤ ሺማኖ በውዶቹ ሞዞዎቹ ላይም ይህንኑ አሠራር ይዞ ቆይቷል። ዋጋ የሚለየው የኮኑ ብረት ምን ያህል እንደጠነከረ፣ ኳሱ የሚሄድበት ጎድጓዳ ምን ያህል እንደለሰለሰና ጎሚኒው ምን ያህል እንደሚከላከል ነው። የኋላ ሞዞ በየጎኑ 9 ኳሶች ይወስዳል፤ መጠናቸው ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። እነዚህ ኳሶች ርካሽ ናቸው፣ በየሳይክል ቤቱም አይታጡም። ኮኑ ቢበላ ለብቻው ይለወጣል። የማይለወጠው በሞዞው አካል ውስጥ ተጨፍልቆ የገባው ጎድጓዳ ብቻ ነው፤ እሱ ከተቦረቦረ ሞዞው አበቃለት። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ፈትቶ ማጽዳት ግድ ነው።

የሦስተኛው ሞዞ ኩሽኔታ ግን ዝግ ነው፤ አይስተካከልም፣ አይቀባም፣ ሲያልቅ ተመትቶ ወጥቶ ሌላ ይገባል። ይህ መጥፎ አሠራር አይደለም፤ እንዲያውም ኩሽኔታው ሲለወጥ ሞዞው እንደ አዲስ ይሆናል። ጥያቄው ኩሽኔታው ምን ቁጥር ነው የሚለው ነው። በጎኑ ላይ 6000፣ 6001 ወይም 6200 የሚል ካለ፣ እነዚህ በኤሌክትሪክ ሞተሮችና በብዙ ማሽኖች ላይ የሚገቡ የተለመዱ ቁጥሮች ስለሆኑ ኩሽኔታ ከሚሸጥ ከማንኛውም ሱቅ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ የሁለት በኩል ጎማ መሸፈኛ ምልክት ያለውን ይምረጡ፣ በብረት ብቻ የተሸፈነው ውኃ አይመልስም። 6902 ወይም 6802 የሚል ካለ ግን ቀጭን ኩሽኔታ ነውና፣ ሐምሌ ላይ ቢበላሽብዎት ከአዲስ አበባ ወይም ከዚያ ማዶ እስኪመጣ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። በቶርኖ ቤት «እናስተካክለዋለን» የሚልዎት ሰው ቢኖር አይስሙት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የውዱ ሞዞ ራጅ ቀዳዳ ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ። የእርስዎ ቸርኬ ባለ 36 ቀዳዳ ከሆነ፣ ከውጭ የሚመጡት አብዛኞቹ ውድ ሞዞዎች ባለ 32 ወይም ባለ 28 ስለሆኑ ቸርኬውንም ሊለውጡ ነው፤ ለጭነት ደግሞ ከ36 ወደ 28 መውረድ ስህተት ነው። ወርዱንም በሜትር ይለኩ። የእርስዎ ቴላዮ ክፍት አፍ ያለው፣ በሁለቱ አፎች መካከል 135 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው እንደሚሆን እገምታለሁ። የዘመኑ ውድ ሞዞዎች ግን ብዙዎቹ በተዘጋ የቴላዮ አፍ ውስጥ ዘልቆ ለሚያልፍ የ12 ሚሊ ሜትር ፔርኖ፣ በ142 ወይም በ148 ሚሊ ሜትር ወርድ የተሠሩ ናቸው። አንዳንድ ኩባንያዎች፣ ለምሳሌ ዲቲ ስዊስ፣ ጫፉን በመቀየር ወደ ድሮው ዓይነት የሚመለሱ ሞዞዎች ይሠራሉ፤ ያ የሚቀያየር ጫፍ አብሮ ካልመጣ ግን ባሕር ዳር ላይ አያገኙትም።

መካከለኛውን ሲገዙ የሞዞው ዋጋ ብቻውን አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። ራጆቹ የሚሰካኩበት ክብ ከቀድሞው ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ስለሚችል የራጁ ርዝመት ይለወጣል፤ ስለዚህ 36 አዲስ ራጅና የሰካኪ የእጅ ዋጋ ይጨምሩ። ከተጠመዘዘው ፒኞን ይልቅ ባለ 7 ካሴት ያስፈልግዎታል። አዲሱ ሞዞ ለ8 ወይም ለ9 ማርሽ የተሠራ ቢሆንም አይጨነቁ፤ ከካሴቱ ኋላ የ4.5 ሚሊ ሜትር ሮንዴላ ቢገባ ባለ 7ቱ በትክክል ይቀመጣል፣ የማርሽ መቀየሪያዎም እንዳለ ይቀጥላል። ይህን ሮንዴላ ከሞዞው ጋር አብረው ይጠይቁ፤ ከጠፋ ካሴቱ ይወዛወዛል፣ ሻጩም «ሞዞው አይሆንህም» ብሎ ይመልስዎታል።

የፊቱን ሞዞ ግን አይንኩት። ፒኞን የለበትም፣ ጭነቱም ቀላል ነው፤ ርካሹ ይበቃል።

አዲሱን ሞዞ ከካርቶኑ አውጥቶ ወዲያው መሰካት ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ነው። አዳዲስ ሞዞዎች፣ በተለይ ርካሾቹ፣ ግራሶ ሳይበቃቸው ኮናቸውም ከመጠን በላይ ጠብቆ ይመጣሉ። ስለዚህ ራጁ ከመሰካቱ በፊት የግራውን ዳዶ ፈትተው ፔርኖውን ያውጡ፣ ኳሶቹን ይቁጠሩ፣ ለመኪና ጎማ ኩሽኔታ የሚሆን ጥሩ ግራሶ በጎድጓዳው ውስጥ በብዛት ያድርጉ። ይህን ወፍራም ግራሶ ግን ምላሶቹ ባሉበት ክፍል ውስጥ አያስገቡ፤ ምላሶቹን ያጣብቃቸውና ፔዳሉ አንድ ቀን ባዶውን ይሄድብዎታል። ለእነሱ ቀጭን ዘይት ይበቃል። ኳስ የሚለውጡ ከሆነም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይለውጡ፣ አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ፤ ትልቋ ኳስ ጭነቱን ብቻዋን ትሸከምና ጎድጓዳውን ትቦረቡራለች።

ኮኑን ለማስተካከል ቀጭን ባለ 15 ቁልፍ ለኮኑ፣ ባለ 17 ቁልፍ ደግሞ ለመቆለፊያው ዳዶ ያስፈልጋል። ተራው ወፍራም ቁልፍ ወደ ኮኑ አይገባም፤ ሠራተኛው ቀጭኑን ቁልፍ ካልያዘ ሥራውን አይስጡት። ፔርኖውን በጣትዎ ሲያዞሩት ምንም መንገጫገጭ ሳይኖር መዞር አለበት፣ ወደ ግራና ቀኝ ሲገፉትም መንኳኳት የለበትም። አንድ ልዩ ሁኔታ ግን አለ። የእርስዎ ሞዞ በዳዶ ሳይሆን በእጅ በሚታጠፍ ማሰሪያ የሚታሰር ከሆነ፣ ማሰሪያው ሲጨበጥ ውስጡ ባዶ የሆነውን ፔርኖ ጥቂት ስለሚያሳጥረው፣ ከመታሰሩ በፊት እጅግ ጥቂት መንኳኳት ይተዉለት፤ ጎማው ከተገጠመና ማሰሪያው ከተጨበጠ በኋላ መንኳኳቱ ሊጠፋ ይገባል። ያለዚያ ጠረጴዛ ላይ ፍጹም የነበረው ሞዞ ሳይክሉ ላይ ሲገባ ይጨናነቃል፣ ኮኑም በወራት ውስጥ ይበላል።

ከ300 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ይመልሱና ያሳዩት። አዲስ ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይላላል፣ የግራው መቆለፊያ ዳዶም አንዳንዴ ይፈታል። በእርስዎ ምልልስ ይህ ከወር ብዙም አይርቅም፤ እስከዚያ የቅዳሜውን ጭነት ከ20 ኪሎ ባያሳልፉት ይሻላል።